«ከባድ ነው፣ ስቴንለስ ነው፣ ምን ይሆናል?» ስለ ታጣፊ ሰንጢ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ወር አዲስ ታጣፊ ሰንጢ ገዛሁ። ጥቁር እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ ስለት፣ ያማረ ካርቶን። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ሰንጢ ሥራ አያጣም። የውሃ ጎማ ይቆረጥበታል፣ የታሰረ ማዳበሪያ ይከፈትበታል፣ ከብሎኩ ጀርባ ካለችኝ ትንሽ መደብ ጎመን ይቀነጠስበታል።

በሦስተኛው ቀን ስለቱ ግራና ቀኝ መላወስ ጀመረ። በሳምንቱ ጎማ ስቆርጥ መቆለፊያው ለቀቀና ስለቱ ወደ ጣቶቼ ታጠፈ። ለጥቂት ተረፍኩ። ከልቤ አዘንኩ።

ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለብሎካችን ዘበኛ አሳየሁት። ሁሉም ምክንያት ነገረኝ። አብዛኛው ስህተት ነበር። አንዳንዱን እኔም ሳምንበት የኖርኩት ነው።

«ከባድ ከሆነ ጠንካራ ነው»

የገዛሁት በዚህ እምነት ነው። እጄ ላይ ሲከብደኝ «ይሄ ዕቃ ነው» አልኩ። ክብደቱ ግን የእጀታው ብረት ነው። ታጣፊ ሰንጢ የሚደክመው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ስለቱ የሚዞርበት ብሎን፣ ሌላው መቆለፊያው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሰንጢውን ክፈቱት። የስለቱን ጀርባ በሁለት ጣት ያዙና ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከተላወሰ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ላልቶ ነው። በትንሽ ካቻቢቴ ጠበቅ ይደረጋል። ኮከብ ቅርጽ ያለው ብሎን ከሆነ የራሱን ካቻቢቴ ይፈልጋል። በጣም ካጠበቃችሁት ደግሞ አልከፈት ይላችኋል፤ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ሞክሩት።

ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ስለቱ በዚህ በኩል ከተነቃነቀ መቆለፊያው ከስለቱ ጭራ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ ካለው የኋላ ጫፉ ጋር በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። ይህን ብሎን ማጥበቅ አያድነውም። የእኔን ፈትቼ አየሁት። በስለቱና በእጀታው መሀል ያለው ሮንዴላ ስስ ፕላስቲክ ነው። መቆለፊያው ላሜራም የስለቱን ጭራ የሚነካው በጫፉ ብቻ ነበር። ስቆርጥ የምጫነውን ሁሉ የተሸከመችው ያቺ ጫፍ ነች።

«የማይቆለፍ ሰንጢ እንከን አለበት»

የአጎቴ ልጅ ያለኝ ይህን ነው። ግን ታዋቂውን ቀይ የስዊስ ሰንጢ አስቡት። የስዊሱ ቢላ ሠሪ ካርል ኤልስነር የመኮንኖች ሰንጢውን በሕግ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1897 ነው። ከዚያ የመጡት የኪስ ሰንጢዎች አብዛኞቹ ዛሬም መቆለፊያ የላቸውም። ስለቱን የሚይዘው ከጀርባ ያለ ጠንካራ ሞላ ነው። ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተውባቸዋል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሰንጢም ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ የሚዞረው የቀለበት መቆለፊያ የተጨመረለት በ1955 እ.ኤ.አ. ነው።

መቆለፊያ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው እጁን ይጠብቃል። «ተቆልፏል» ብሎ አምኖ የሚጫን ሰው ግን አይጠነቀቅም። ለእኔ ከሁሉም የከፋው የማይታመን መቆለፊያ ነው። እንዲህ ያለ ሰንጢ ልጆች እጅ እንዳይገባ አደራ።

«ስቴንለስ አይዝግም»

ስቴንለስ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ከላይ ስስ መከላከያ ይሠራል። ጨውና የሎሚ ውሃ ሲያድርበት ግን ያ መከላከያ ይጎዳል። የእኔ ሎሚ ቆርጬበት ሳልጠርገው አደረ። ጠዋት ብሎኑ አጠገብ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ነው መፍትሔው።

ስለቱ ላይ «440» ተብሎ መጻፉም ብዙ አይነግራችሁም። 440 የስቴንለስ ዓይነት መለያ ነው፤ 440ኤ እና 440ሲ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከ0.60 እስከ 0.75 በመቶ ካርቦን አለው፤ ሁለተኛው ከ0.95 እስከ 1.20። ካርቦኑ ሲጨምር ብረቱ የበለጠ ይጠነክራል፣ ስለቱም ይቆያል። ያም ሆኖ በእሳት በደንብ ካልተሠራ ጥሩ ብረትም ቶሎ ይደንዛል።

«የቻይና ስለሆነ ነው»

ዘበኛችን «ልጄ፣ ቻይና ነው፣ በቃ» አሉኝ። አክብሬያቸው ዝም አልኩ። ግን በደቡብ ቻይና ያንግጂያንግ የምትባል ከተማ አለች። በቢላና በሰንጢ የምትታወቅ ናት። ርካሹም፣ ውድና ጥንቅቅ ያለውም እዚያ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ የስዊስ ወታደር ሰንጢዎች ራሳቸው የተሠሩት ጀርመን፣ ዞሊንገን ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ለብረቱ፣ ለእሳቱና ለመግጠሙ ስንት ወጣበት ከሚለው ነው።

«ደነዘ? የኤሌክትሪክ ድንጋይ ላይ አስለው»

በዓል ሲደርስ ሰፈራችን የሚመጡት ቢላ ሳዮች ለትልቅ የሥጋ ቢላ ጥሩ ናቸው። ለስስ የሰንጢ ስለት ግን ፈጣን ድንጋይ ያስፈራኛል። ጫፉ በፍጥነት ይግላል። ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ብረቱ ለስልሷል፤ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም። በእጅ፣ በረጠበ የመሳያ ድንጋይ፣ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብሎ መሳል ይሻላል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ባለሱቁ መጀመሪያ ያለኝ ይህን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሳልጣላ ነገርኩት። የስለቱን መነቃነቅም በራሱ እጅ አስያዝኩት። ከዚያ ከዚያው ካርቶን ሌሎች አወጣን። ሦስቱ እንደ እኔው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃሉ። አራተኛው ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ላሜራውም የስለቱን ጭራ ሙሉ በሙሉ ይዟል። እሱን ወሰድኩ። ሦስቱን ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ለመንኩት፤ ለብቻ አስቀመጣቸው።