ቺፕ እያለ ጥቁሩ መስመር ለምን አልጠፋም?

የባንክ ካርዳችሁን ገልብጡት። ከጀርባው ጥቁር መስመር አለ፣ ከፊቱ ደግሞ ወርቃማ ቺፕ። የሚያገናኙት ከአንድ ሂሳብ ጋር ነው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል።

መስመሩ ላይ ያለው የካርድ ቁጥሩ፣ የባለቤቱ ስም፣ የሚያበቃበት ቀንና ጥቂት ኮዶች ናቸው፣ አለቀ። ዛሬም ነገም ያው ስለሆነ አንዴ የቀዳው ሰው ሌላ ካርድ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ቺፑ ግን ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ለዚያ ብቻ የሚሆን አዲስ ኮድ ያሰላል፣ ኮዱን የሚሠራበት ሚስጥራዊ ቁልፍም ከውስጡ አይወጣም።

ታዲያ ካርዱን ስታንሸራትቱ ማሽኑ «ቺፑን አስገቡ» የሚለው ከየት አውቆ ነው? ከራሱ ከመስመሩ! እዚያ ላይ ባለ 3 አሃዝ የአገልግሎት ኮድ አለ። በ2 ወይም በ6 ከጀመረ ካርዱ ቺፕ አለው ማለት ነው።

መስመሩ የቆየው ቺፕ ለማያነቡ አሮጌ ማሽኖችና ቺፑ አልነበብ ሲል ለመጠባበቂያ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌባም የሚወደው ይህንኑ ቀዳዳ ነው፤ ለዚህም ነው አንዳንድ ባንኮች ቺፕ ባለው ካርድ በመስመሩ የመጣን ክፍያ አላሳልፍም የሚሉት። ማስተርካርድማ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳወቀው እቅድ መሠረት በ2033 መስመር ያለው ክሬዲትም ሆነ ዴቢት ካርድ አይኖረውም።