ሂሮሺማና ናጋሳኪ፦ ጦርነትን ለማብቃት የአቶሚክ ቦምብ መጣል ተገቢ ነበር ወይ በሚለው ክርክር ውስጥ የሚደጋገሙ ስሕተቶች

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላን ሂሮሺማ በተባለችው የጃፓን ከተማ ላይ ከዚያ በፊት በሰው ላይ ተጥሎ የማያውቅ ቦምብ ጣለ። ዕለቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 1945 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለተኛው ቦምብ ናጋሳኪ ላይ ወደቀ። እስከ ዓመቱ ማብቂያ ድረስ በሂሮሺማ ወደ 140,000፣ በናጋሳኪ ደግሞ ወደ 70,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኦገስት 15 ቀን ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እጅ መስጠታቸውን በራዲዮ ለሕዝባቸው አስታወቁ።

ነገሩ በዚህ ፍጥነት ስለተከታተለ፣ ቦምቡ ተጣለ፣ ጦርነቱም ቆመ፣ ስለዚህ ተገቢ ነበር የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ ሳይመረመር ሥር ሰዷል። በሌላው ወገን ደግሞ ጃፓን እጇን ልትሰጥ ስትል በከንቱ ተጨፈጨፈች የሚለው እንዲሁ ሳይመረመር ይደጋገማል። የእኔ እምነት ድርጊቱ ተገቢ አልነበረም የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ስሕተት የእኔን ሐሳብ ስለደገፈ ብቻ እውነት አይሆንምና ከሁለቱም ወገን የሚሰማውን እመለከታለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የነበረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቦምቡን መጣል፣ ወይ ጃፓንን በእግረኛ ጦር መውረር።»

ክርክሩ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው እወዳለሁ። በ1945 አጋማሽ ዋሽንግተን ውስጥ ቦምቡንና ወረራውን እንደ ሁለት ተፎካካሪ አማራጮች ፊት ለፊት አቅርቦ አንዱን የመረጠ ጉባኤ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጁን 18 ቀን ከጦር አዛዦቻቸው ጋር ተሰብስበው የኪዩሹን ደሴት ለመውረር የወጣውን ዕቅድ አጸደቁ፤ የዘመቻው መጀመሪያ ኖቬምበር 1 ቀን እንዲሆን፣ ቶኪዮ ወደምትገኝበት ወደ ካንቶ ሜዳ የሚደረገው ዘመቻ ደግሞ በማርች 1946 እንዲከተል ታስቦ ነበር። ቦምቡ በተጣለበት ቀን፣ ወረራው ሊጀመር ገና ሦስት ወር ገደማ ይቀረው ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ዝግጅቶች ጎን ለጎን የሚሄዱ ነበሩ እንጂ አንዱ የሌላው ምትክ አልነበረም። እንዲያውም የአሜሪካ ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል፣ ከሂሮሺማ በኋላ ጃፓን እምቢ ካለች ቀጣዮቹን ቦምቦች ለወረራው ማገዣ ስለ መጠቀም እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር።

በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ሊሞከሩ ይችሉ የነበሩ መንገዶች በወቅቱ በባለሥልጣኖቹ ዘንድ የታወቁ ናቸው። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰንና የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትሩ ጆሴፍ ግሩ፣ የጃፓን ንጉሠ ነገሥታዊ ሥርወ መንግሥት እንደማይነካ በግልጽ ቢነገር እጅ መስጠቱ ሊቀል እንደሚችል አሳስበው ነበር፤ ጃፓን እጇን እንድትሰጥ ለሚጠይቀው የፖትስዳም መግለጫ በተዘጋጀው ረቂቅ ውስጥ ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቶ ሳለ፣ መግለጫው ጁላይ 26 ቀን ሲወጣ አንቀጹ ተሰርዞ ተገኘ። ስታሊን ደግሞ ጁላይ 17 ቀን ፖትስዳም ላይ በኦገስት አጋማሽ በጃፓን ላይ እንደሚዘምቱ ለትሩማን ነገሯቸው፤ ትሩማንም ያ ሲሆን የጃፓን ነገር ያበቃለታል የሚል ማስታወሻ በዚያኑ ዕለት ጻፉ። የባሕር ከበባው የጃፓንን ነዳጅና እህል ቆርጦት ነበር። በቺካጎ የነበሩ የፊዚክስ ሊቃውንት በጄምስ ፍራንክ መሪነት ጁን 11 ቀን ባዘጋጁት ጽሑፍ፣ ቦምቡ አስቀድሞ ሰው በሌለበት ስፍራ ለዓለም እንዲታይ ጠየቁ፤ ኦፐንሃይመር፣ ፈርሚ፣ ሎረንስና ኮምፕተን የነበሩበት የሳይንስ አማካሪ ቡድን ግን ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጦርነቱን ሊያስቆም የሚችል ማሳያ ማቅረብ እንደማይቻል ገልጾ ሐሳቡን ውድቅ አደረገው።

ከእነዚህ አንዳቸውም በእርግጠኝነት ይሳካሉ ማለት አይቻልም። ከበባው ራሱ በረሃብ የሚገድል ነበር፤ ጦርነቱ በዘገየ ቁጥርም በቻይና፣ በኢንዶኔዥያና በሌሎችም የእስያ አገሮች በጃፓን ወረራ ሥር የሚያልቀው ሕዝብ ይጨምር ነበር። ለቦምቡ ከሚቀርቡት መከላከያዎች ሁሉ ለእኔ ከባዱ ይሄኛው ነው። ነገር ግን «ሌላ ምርጫ አልነበረም» እና «ሌላው ምርጫ አልተሞከረም» የሚሉት አባባሎች እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ መዛግብቱ የሚመሰክሩትም ሁለተኛውን ነው። የቦምቡን ሥራ በበላይነት የመሩት ጄኔራል ሌስሊ ግሮቭስ ራሳቸው፣ የትሩማን ውሳኔ በመሠረቱ የተያዘውን ዕቅድ አለማደናቀፍ እንደነበረ ከዓመታት በኋላ ጽፈዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ቦምቡ ባይጣል ኖሮ አንድ ሚሊዮን አሜሪካውያን ወታደሮች ይሞቱ ነበር።»

አንድ ሚሊዮን የሚለው ቁጥር በሕዝብ ዘንድ የገነነው ስቲምሰን በ1947 መጀመሪያ ባሳተሙት ጽሑፍ አማካይነት ነው። እዚያ የተጻፈው ግን ሙትና ቁስለኛን አንድ ላይ የሚቆጥር የጉዳት አኃዝ ሲሆን፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቁስለኛው እየቀረ ሁሉም ሟች ሆነ። በጁን 1945 የጦር ዕቅድ ኮሚቴው ለኪዩሹና ለካንቶ ዘመቻዎች በአንድነት የገመተው ወደ 40,000 ሟችና 150,000 ቁስለኛ ነበር። በሌላ በኩል በጁላይ ለጦር ሚኒስቴሩ የቀረበ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ400,000 እስከ 800,000 አድርሶታል። ግምቶቹ ይህን ያህል የተራራቁ ስለነበሩ አንዱን ነቅሶ እንደ ተረጋገጠ እውነት ማቅረብ ትክክል አይደለም። ፍርሃቱ ግን ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ከኤፕሪል እስከ ጁን በተካሄደው የኦኪናዋ ውጊያ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን፣ ወደ 100,000 የሚጠጉ የጃፓን ወታደሮች፣ ቁጥሩ ከዚያ የማያንስ ሰላማዊ ሕዝብም አልቋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ጃፓን እጇን ለመስጠት እየለመነች ነበር።»

ይህ ከእኔ ወገን የሚሰማ ስሕተት ነው። የጃፓኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቶጎ ሺጌኖሪ በጁላይ ወር ሶቪየት ኅብረት እንድታሸማግል በሞስኮው አምባሳደራቸው በሳቶ ናኦታኬ በኩል መጠየቃቸው እውነት ነው፤ አሜሪካውያንም የምሥጢር መልእክቱን እየፈቱ ያነቡት ነበር። ይሁን እንጂ ቶጎ ጃፓን በምን ሁኔታ እንደምትስማማ አንድም ጊዜ አልገለጹም። ሳቶ ንጉሠ ነገሥታዊው ሥርዓት ከተጠበቀ በቀር ሌላውን ሁሉ ተቀብለን ጦርነቱን እንጨርስ ብለው በድፍረት ቢመክሩም፣ ቶጎ ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠትን በምንም መንገድ እንደማይቀበሉ ጁላይ 21 ቀን መለሱላቸው። ከሂሮሺማና ከሶቪየት ዘመቻ በኋላ እንኳ፣ ኦገስት 9 ቀን የተሰበሰበው ስድስት አባላት ያሉት ከፍተኛ የጦር ምክር ቤት ሦስት ለሦስት ተከፈለ። ግማሾቹ የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት ብቻ ይጠበቅልን ሲሉ፣ የጦር ሚኒስትሩ አናሚ ኮሬቺካና ሁለቱ የጦር አለቆች ጦራችንን ራሳችን ትጥቅ እናስፈታ፣ የጦር ወንጀለኞችን ራሳችን እንዳኝ፣ የውጭ ጦር አይስፈርብን የሚሉትንም ጨመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከወሰኑም በኋላ፣ ኦገስት 14 ለ15 አጥቢያ ወጣት መኮንኖች ቤተ መንግሥቱን ይዘው የተቀዳውን የእጅ መስጠት ንግግር ፍለጋ ሲያስሱ አደሩ።

ስለዚህ ትክክለኛው አገላለጽ ጃፓን ተሸንፋ ነበር፣ እጇን ለመስጠት ግን ገና አልወሰነችም የሚል ነው። የአሜሪካ የስትራቴጂክ ቦምብ ድብደባ ጥናት በ1946 ባወጣው ዘገባ፣ ቦምቡም ሆነ የሶቪየት ዘመቻ ሆነ ወረራ ባይኖር እንኳ ጃፓን ከ1945 መጨረሻ በፊት እጅ ትሰጥ እንደነበር ደምድሟል፤ ይህ ግን ከጦርነቱ በኋላ የተሰጠ አስተያየት ስለሆነ ከላይ ያየነውን ክፍፍል አያስተባብልም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ጦርነቱን ያስቆመው ቦምቡ ብቻ ነው።»

ሶቪየት ኅብረት ኦገስት 8 ቀን ጦርነት አወጀች፤ በማግሥቱ ሌሊት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆነ ጦሯ ወደ ማንቹሪያ ዘለቀ። ይህም ለጃፓን መሪዎች አንድ ተጨማሪ ጠላት ከመነሣት የከፋ ነበር፤ በሽምግልና ከጦርነቱ እንወጣለን ብለው ተስፋ የጣሉት በሶቪየት ላይ ነበርና። የታሪክ ምሁሩ ሃሴጋዋ ፁዮሺ ከቦምቡ ይልቅ ይህ ወሳኝ እንደነበረ ይከራከራሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ኦገስት 15 ቀን ለሕዝቡ ሲናገሩ አዲስና እጅግ ጨካኝ ቦምብን በምክንያትነት ጠቀሱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ለወታደሮቻቸው ባወጡት አዋጅ ግን ስለ ቦምቡ አንድ ቃል ሳይናገሩ የሶቪየትን ወደ ጦርነቱ መግባት ጠቀሱ። ሁለቱ ድንጋጤዎች በሦስት ቀን ውስጥ ተደራርበው ስለመጡ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመዘን የሚቻል አይመስለኝም። ሆኖም ከመዛኞቹ አንዱ የሶቪየትን ዘመቻ ሳያነሣ ቢቀር ክርክሩ ጎደሎ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሂሮሺማ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ነዋሪዎቿም አስቀድመው ተነግሯቸው ነበር።»

ትሩማን ኦገስት 9 ቀን በራዲዮ ሂሮሺማን የጦር ሰፈር ብለዋታል። በከተማዋ የሁለተኛው አጠቃላይ ጦር ጠቅላይ መምሪያ መኖሩና ብዙ ወታደር መስፈሩ እውነት ነው፤ ቦምቡ የታለመው ግን በጦር ሰፈሩ ላይ ሳይሆን በከተማዋ መካከል ባለው አዮይ በተባለው ድልድይ ላይ ነበር። በዚያ ጠዋት የእሳት መከላከያ ክፍት ቦታ ለማበጀት ቤቶችን ሲያፈርሱ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዎች ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ትሩማን ጁላይ 25 ቀን በማስታወሻቸው ዒላማው ወታደሮች እንጂ ሴቶችና ሕፃናት እንደማይሆኑ ጽፈው ነበር፤ ይህን አምነው ጽፈውት ከሆነ፣ ዒላማ አመልካቾቹ ያዘጋጁትን ዕቅድ በሚገባ አልተረዱትም ነበር ማለት ነው። ስለ ቦምቡ እንዲያማክር የተቋቋመው ጊዜያዊ ኮሚቴ ሜይ 31 ቀን የተስማማው በሠራተኞች መኖሪያ የተከበበ የጦር ፋብሪካ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲመታ ነው።

በራሪ ወረቀቶች ተበትነው ነበር የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። በተለያዩ ከተሞች ላይ የተበተኑት ስለ ተለመደው የአየር ድብደባ የሚያስጠነቅቁ ነበሩ፤ ስለ አቶሚክ ቦምብ የሚናገሩት የታተሙት ከሂሮሺማ በኋላ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ናጋሳኪ የተመታችው ጃፓን ለሂሮሺማ መልስ ስላልሰጠች ነው።»

ለናጋሳኪ የተለየ ውሳኔ አልተሰጠም። ጁላይ 25 ቀን የወጣው ትእዛዝ የመጀመሪያው ቦምብ ከኦገስት 3 ገደማ በኋላ የአየሩ ጠባይ እንደፈቀደ ከሂሮሺማ፣ ከኮኩራ፣ ከኒጋታና ከናጋሳኪ በአንዱ ላይ እንዲጣል፣ ተከታዮቹም ተሠርተው እንዳለቁ እንዲጣሉ ያዝዛል። ሁለተኛው ቦምብ የሚጣልበት ቀን የተወሰነው ክፉ የአየር ጠባይ እንዳይቀድም በመፍራት ነበር። አውሮፕላኑ የተላከው ወደ ኮኩራ ነው፤ እዚያ ዒላማው በጭጋግና በጢስ ስለተሸፈነ ፊቱን ወደ ናጋሳኪ አዞረ። የቶኪዮ መሪዎች በሂሮሺማ የደረሰውን በቅጡ መርምረው ሳይጨርሱ ሁለተኛው ወደቀ። ለመጀመሪያው ቦምብ ተከራካሪ የሚሆን ሰው እንኳ ለዚህኛው ምን ምክንያት እንደሚያቀርብ አላውቅም። ትሩማን በማግሥቱ፣ ያለ እሳቸው ግልጽ ፈቃድ ሦስተኛ ቦምብ እንዳይጣል አዘዙ፤ ሌላ መቶ ሺህ ሰው፣ ያን ሁሉ ሕፃን መግደል እጅግ እንደሰቀጠጣቸውም ለሚኒስትሮቻቸው ተናግረዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ጃፓን የሠራችውን ግፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚገባት ቅጣት ነበር።»

በናንጂንግና በመላው እስያ የተፈጸመው ግፍ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ቅጣቱ የወረደው ትእዛዝ በሰጡት ላይ አልነበረም፤ በሁለቱ ከተሞች ከተጎዱት መካከል ጃፓን አገራቸውን በቅኝ ግዛት ይዛ፣ ብዙዎቹን በግዳጅ ለሥራ ያመጣቻቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ይገኙበታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «በ1945 ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ በኋላ በወጣ ሕግ መፍረድ አይቻልም።»

የአቶሚክ ቦምብን በስሙ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። በ1907ቱ የሄግ ስምምነት ግን ተዋጊዎች ጠላትን ለመጉዳት ያላቸው መብት ገደብ የሌለው እንዳልሆነና ከመጠን ያለፈ ሥቃይ የሚያስከትል መሣሪያ እንደማይፈቀድ ተደንግጎ ነበር። የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1963 የሁለቱን ከተሞች መደብደብ በወቅቱ ከነበረው ዓለም አቀፍ ሕግ አንጻር መርምሮ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈርዷል፤ ከሳሾቹ ካሣ እንዲያገኙ ግን አልፈቀደም።

በዚህ ጉዳይ የአገራችን ስም በክብር ይነሣል። የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል የመርዝ ጋዝን ከልክሎ ሳለ ፋሽስት ኢጣልያ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሠራዊትና ገበሬ ላይ ከአውሮፕላን ረጨችው፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ጄኔቫ ድረስ ሄደው ስለዚህ ግፍ ከሰሱ። ይህ በደረሰባት ከሩብ ምዕት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የሰው ልጅን የሚጻረር ወንጀል ነው የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ ያመነጨችውና ያስተባበረችው ኢትዮጵያ ናት። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 ጉባኤው በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው፤ አሜሪካና ብሪታንያ ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። የውሳኔው መግቢያ ክልከላው አዲስ እንዳልሆነ ለማስረዳት የ1868ቱን የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ፣ የ1899ኙንና የ1907ቱን የሄግ ስምምነቶች፣ የ1925ቱንም የጄኔቫ ፕሮቶኮል በስም ይጠራል፤ ሁሉም የተጻፉት ከሂሮሺማ በፊት ነው።