«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ»፦ ለምን ብርሌ ተመረጠ?

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ተቀምጠዋል። ከሳሹ ብሶቱን ዘርዝሮ ጨርሷል፤ ተከሳሹ ደግሞ ደሙ ፈልቶ ሊመልስ አፉን ከፍቷል። ይህን ጊዜ ከመካከላቸው አንጋፋው እጃቸውን አንሥተው «ቆይ ልጄ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው» ይላሉ። ተከሳሹ አፉን ይዘጋል፤ ከሳሹም ጆሮውን ያቀናል። ተረት ሊመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ያ ተረት ለማን እንደሚሆን ግን ገና አይታወቅም።

አባባሉ በአብዛኛው የሚተረጎመው እንዲህ ነው፤ ጠጅ የሚያምረው በብርሌ ሲቀርብ ነው፤ ንግግርም የሚጥመው በምሳሌ ሲታጀብ ነው። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ምሳሌን ጌጥ ብቻ ያደርገዋል። ጌጥ ቢሆን ኖሮ አባባሉ የወርቅ ጽዋን ወይም የብር ዋንጫን ይጠራ ነበር። ብርሌ የተመረጠው ከ«ምሳሌ» ጋር ቤት ስለሚመታ ብቻም አይመስለኝም። ብርሌ ሥራ ያለው ዕቃ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ያየ ሰው አባባሉን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እስኪ ብርሌውን እንየው። ታቹ ክብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አንገቱ ቀጠን ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ ጆሮ የሌለው መስታወት ነው። ጠጅ የለመደ ሰው ሆዱን በመዳፉ አያቅፈውም፤ አንገቱን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ያነሣዋል። ከመጠጣቱ በፊት ወደ መስኮቱ ወይም ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ ያየዋል። ጠጁ ጠርቷል? የሰፈፍ (የማር ሰም) ቅንጣት ይንሳፈፍበታል? ከታች ወደ ላይ የሚወጡት ጥቃቅን አረፋዎች አሉ ወይስ ጠጁ ሞቷል? ይህ ሁሉ ከንፈር ሳይነካው ይታወቃል። ቀጥሎ ሲጎነጨው ጠባቡ አንገት ጥቂት በጥቂት ነው የሚለቅለት። አንድ ብርሌ በአንድ ትንፋሽ ማውረድ የሚፈልግ ሰው ደረቱን ያረጥባል እንጂ አይሳካለትም። መዓዛውም በአንገቱ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቆይ ከመጠጡ ቀድሞ አፍንጫን ያገኘዋል።

በሰው ፊት የሚነገር ምሳሌ ይህንኑ ያደርጋል። ነገሩን ያሳያል፤ ግን አያስነካም። ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል፤ ሰሚው የቻለውን ያህል ይጎነጫል።

አንድ ወጣት ደመወዙ አነስተኛ ቢሆንም የማይቋረጥ ሥራ አለው እንበል። አንድ ወዳጁ በሌላ አገር የተሻለ ገቢ እንደሚያገኝ ነገረው። ውል የለም፣ የተጻፈ ነገር የለም፣ ተስፋ ብቻ ነው። ወጣቱ መልቀቂያውን ጽፎ አጎቱን ያማክራል። አጎት «ስግብግብ ነህ» ሊሉት ይችላሉ፤ ያኔ ወጣቱ ስግብግብ አለመሆኑን ሲያስረዳ ይመሻል። እሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ» ቢሉት ወጣቱ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ሴትዮዋ በዓይኑ ትመጣለች። ክንዷን ወደ ቆጡ ስትዘረጋ ብብቷ ሲከፈት፣ ይዛው የነበረው ነገር ሲወድቅ ያያል። የብብቱ ነገር ደመወዙ እንደሆነ አጎቱ አልነገሩትም፤ ራሱ ነው የደረሰበት። ደግሞም ምሳሌው አይመለከተኝም ብሎ ማለፍ ከፈለገ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አላዋረደውም። በቀጥታ የተነገረ ነገር ይህን መውጫ አይሰጥም።

ድሮ በሙግት አደባባይ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ተሟጋቾቹ በግጥምና በምሳሌ ነበር የሚገጥሙት። ዳኛውም፣ በዙሪያው የተሰበሰበውም ሕዝብ ነገር ዐዋቂውን ከነገረኛው የሚለየው በዚህ ነበር። ነገር በምሳሌ የሚለው ግማሽ እንግዲህ ከዚህ ዓይነቱ ሸንጎ የበቀለ ይመስለኛል። ጠጅ በብርሌ የሚለው ግማሽ ደግሞ ከሌላ ቤት ነው የመጣው።

ጠጅ ራሱ እጅግ ያረጀ መጠጥ ነው። በ1520ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የማር ወይን እያለ ደጋግሞ ጽፎለታል። ብርሌ ግን መስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ለረጅም ዘመን ከባሕር ማዶ በነጋዴ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። አብዛኛው ጠጪ ይጠጣ የነበረው በቀንድ ዋንጫ ነው። ስለዚህ አባባሉ በዛሬው መልኩ የተቀመጠው ብርሌ በመኳንንቱ ማዕድ ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ መሆን አለበት። የቀንድ ዋንጫ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ በውስጡ ያለው ጠጅ ይሁን ጠላ፣ የጠራ ይሁን የደፈረሰ፣ የሚታወቀው በምላስ ብቻ ነው። ከዋንጫ ወደ ብርሌ የተሻገረው ጠጪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣውን ነገር አየው ማለት ነው። አባባሉን የፈጠረው ሰው ዓይኑ ያረፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጠጅ የጌታ ቤት መጠጥ ነበር። ገበሬው ማሩን በጉንዶ እየሰፈረ ለግብር ያስገባ ነበር፤ እሱ ራሱ በቤቱ የሚጠጣው ጠላ ነበር። በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሹ ሞልቶ ግብር ሲበላ ለመኳንንቱ በብርሌ፣ ለወታደሩ በቀንድ ዋንጫ ይቀዳ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያሰናዱት ድግስ እስከ ዛሬ ይወራል። በትልልቅ ሰዎች ፊት ብርሌው ከዓይን እንዲሰወር በሐር ጨርቅ ተሸፍኖ ይመጣ ነበር፤ አሳላፊው ደግሞ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምስ ነበር። መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። ብርሌ ያልነበረው ገበሬ ምሳሌ ግን ነበረው፤ አባባሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የድሃውን ንግግር ከጌታው መስታወት ጋር አስተካክሎታል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ስለ ጠጅ ይህን ያህል ተወርቶ አጣጣሉን አለመናገር ነውር ነው። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል። ለቤት የሚበቃ ጠጅ ለመጣል 2 ኪሎ ያልተጣራ ማር፣ 6 ሊትር ንጹሕ ውኃና 400 ግራም ገደማ የደረቀ የጌሾ እንጨት ይበቃል። ለጠላ የጌሾው ቅጠል ተወቅጦ ይገባል፤ ለጠጅ ግን እንጨቱ ነው የሚፈለገው፤ መራራነቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ጠጁንም አያደፈርስም።

ማሰሮው ወይም ጋኑ በደንብ ይታጠብና በወይራ ይታጠናል። ዛሬ ብዙ ሰው በፕላስቲክ ባልዲ ይጥላል፤ ያም ይሆናል፣ የወይራው ጠረን ግን ይቀራል። ማሩ በውኃው ውስጥ በእጅ እየታሸ ይበጠበጣል። ውኃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ የፈላ ውኃ ከሆነ በማሩ ውስጥ ያለውን እርሾ ይገድለዋል፤ ጠጁን የሚያፈላው ደግሞ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚመጣው ያ እርሾ ነው። አሁን የተገኘው ብርዝ ነው። ብርዝ ገና አልኮል የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ስለሆነ ልጆችም፣ አልኮል የማይጠጡ ሰዎችም ይጠጡታል፤ እዚህ ላይ አቁሞ መጠጣት ለሚፈልግ ክልክል የለም።

አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሞቅ ባለ ስፍራ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ የማሩ ሰም ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ ሰፈፍ ነው። ይገፈፋል፤ ግን አይጣልም። ተጣርቶ ሰም ይሆናል፣ ሰሙም ጧፍ ይሆናል። ቀጥሎ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ከታጠበውና ከተፈለጠው ጌሾ ጋር ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ከነጌሾው ወደ ዋናው ይመለሳል። ከዚህ በኋላ በቆላ 5 ቀን ያህል፣ በደጋ ከ15 እስከ 20 ቀን በየዕለቱ እየተማሰለ ይቆያል። ጆሮውን ወደ ጋኑ የሚያስጠጋ ሰው የመፍላቱን ሹክሹክታ ይሰማል። ሹክሹክታው ሲደክምና ጌሾው ሲዘቅጥ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ በጨርቅ ይጠለላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ገና እየፈላ ያለ ጠጅ በጠርሙስ ተሞልቶ ክዳኑ ከተጠበቀ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ማሩ የጠጁን መልክ ይወስነዋል። የትግራይና የላስታ ነጭ ማር ፈዘዝ ያለ ጠጅ ይሰጣል፤ ከሸካና ከከፋ ጫካ የሚመጣው ማር ደግሞ ጠቆር ያለም አለው። ጠጅ ቤት ገብተው «ምን ላምጣ?» ሲባሉ መልሱ ደረቅ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ነው። ደረቁ ብዙ የቆየው፣ ጣዕሙ የሻከረውና ኃይሉ የበረታው ነው። ማር ሲወደድ ስኳር የሚጨምሩ፣ ቢጫ ቀለም የሚያስገቡ ጠጅ ጣዮች አሉ። እዚህ ላይ ብርሌ ብቻውን አያድንም፤ የስኳር ጠጅም በመስታወት ውስጥ ወርቅ መስሎ ይታያል፤ እውነቱ የሚታወቀው በማግስቱ በራስ ምታት ነው። በተረት የተሞላ ንግግርም እንደዚያው ሊያታልል ይችላል። በየስብሰባው «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» ብሎ ጀምሮ አንድም ምሳሌ ሳይናገር የሚቀመጥ ተናጋሪ ባዶ ብርሌ ነው የሚያዞረው። አሥር ተረት ደርድሮ ነገሩን የሚረሳውም አለ፤ ከእርሱስ ባዶ ብርሌ የሚያዞረው ይሻላል፤ ቢያንስ ቶሎ ይቀመጣል።

ከማርና ከጠጅ ቤት የወጡ ሌሎች አባባሎችም ጎን ለጎን ቢታዩ ነገሩ ይጎላል። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው ከዚህኛው ጋር ይቀራረባል፤ መልካም ነገር በእጅህ ይዘህ ክፉ አትናገር ማለቱ ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ግን ከበድ ይላል። የተሰነጠቀ ብርሌ ሙጫም ሰምም አይመልሰውም፤ ለከዳ ወዳጅና ለተሰበረ መተማመን ይነገራል። ሁለቱን የብርሌ አባባሎች በአንድ ሸንጎ የሰማ ሰው ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚያስቡ ቶሎ ይገባዋል። በመጀመሪያው ከጀመሩ ዕርቅ ይፈልጋሉ፤ በሁለተኛው ከጨረሱ ዕርቁ አልሆነም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ገዝተው፣ ማሩን ከሚኖሩበት አገር ገበያ እያገኙ ይጥላሉ። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ብርሌው ነው፤ ጠጁ በወይን ብርጭቆ ይቀርባል። ጣዕሙ አይለወጥም፤ ግን ሰፊው አፍ መዓዛውን ቶሎ ይለቀዋል፤ ጠጪውም ሳያውቀው ያፋጥነዋል።

አባባሉ የማይገባበት ቦታም አለ። ሐኪም ለታማሚ የመድኃኒቱን መጠን ሲነግር፣ ሻጭና ገዥ ለቤት ሽያጭ ውል ሲፈራረሙ፣ አሽከርካሪ መንገድ ሲጠይቅ ምሳሌ አይጠቅምም፤ በቁጥርና በቀጥታ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የድሮዎቹ ሽማግሌዎችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ምሳሌ ተናግረው፣ ተረት ተርተው ሲያበቁ ዋሱን በስሙ ይጠሩና ካሣውን በቁጥር ይወስኑ ነበር።