ዱካቲ ዴስሞሴዲቺ አርአር፦ የውድድር ቅጂነት እስከ ምን ድረስ?

ዴስሞሴዲቺ አርአር የኢጣሊያው ዱካቲ በ2007 እና በ2008 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1,500 ብቻ ወስኖ ያመረተው የመንገድ ሞተር ሳይክል ነው። «ዴስሞ» የቫልቮቹን (አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚያስገቡና ጭሱን የሚያስወጡ በሮች) አሠራር፣ «ሴዲቺ» ደግሞ ብዛታቸውን ይናገራል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ አሥራ ስድስት ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት (RR፣ «አርአር») የውድድር ቅጂ መሆኑን ያመለክታሉ። አሜሪካ ውስጥ 72,500 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚህ ገንዘብ ያኔ ደህና መኪና ገዝቶ፣ በተረፈው ሌላ ፈጣን ሞተር መጨመር ይቻል ነበር።

«የውድድር ቅጂ» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንዳንዱ ቅጂ ከቀለም አያልፍም። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ማይክ ሄይልዉድ፣ እንግሊዝና አየርላንድ መካከል ባለችው «ማን» የተባለች ደሴት ከሚካሄደው የሞተር ሳይክል ውድድር ለ11 ዓመታት ርቆ ከቆየ በኋላ በ1978 ተመልሶ፣ በ38 ዓመቱ፣ ዱካቲ ላይ ተቀምጦ አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት ፋብሪካው በስሙ የተሰየመ ሞተር ለገበያ አወጣ። ቀይና አረንጓዴው ሽፋን የውድድሩን የሚመስል ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን በአብዛኛው ቀድሞም ይሸጥ የነበረው 900 ሱፐር ስፖርት ነው። ገዢው ተታለለ ለማለት ግን ይከብዳል፤ የገዛው የዚያን ቀን ትዝታ ነውና።

ሌላው ዓይነት ከውድድር ሕግ የተወለደ ነው። በዓለም የሱፐርባይክ ሻምፒዮና የሚወዳደር ሞተር ለሕዝብ የሚሸጥ መሆን አለበት፤ ፋብሪካው አዲስ ነገር ይዞ መግባት ከፈለገ በሕጉ የተጠቀሰውን ያህል ቁጥር ሠርቶ መሸጥ ይጠበቅበታል። በ1998 ዱካቲ ለእንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ለካርል ፎጋርቲ የውድድር ሞተር ሻንሲውን መለወጥ ባስፈለገው ጊዜ፣ 202 ሞተሮች በእሱ ስም ተሠርተው እንግሊዝ ውስጥ ተሸጡ። እዚህ ላይ የቁጥሩ ማነስ የሻጭ ዘዴ አይደለም፤ ሕጉ ያን ያህል ስለጠየቀ ያን ያህል ተሠራ። ለእኔ የእነዚህ ሞተሮች ውበት እዚሁ ላይ ነው፦ የተሠሩት ለገዢው ታስቦ አይደለም፤ ገዢው ለሌላ ሰው ፍላጎት የተበጀ ዕቃ ነው የደረሰው።

አርአር ከሁለቱም ወገን አይመደብም። በሞቶጂፒ (በዓለም ከፍተኛው የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና) የሚሮጡት ለውድድር ብቻ የሚሠሩ ማሽኖች ስለሆኑ ለሕዝብ ሽጡ ብሎ ፋብሪካን የሚያስገድድ ሕግ የለም። ዱካቲ ወደዚህ ውድድር የገባው በ2003 ነው፤ በስድስተኛው ውድድሩ ባርሴሎና ላይ ሎሪስ ካፒሮሲ አሸነፈለት። ከ2007 ጀምሮ ግን የሞተር መጠን ከ990 ወደ 800 ሲሲ እንዲወርድ ተወሰነ። በዚህ ውሳኔ ለዓመታት የተለፋበት ትልቁ ሞተር ባንድ ጀንበር ሥራ ፈት ሆነ። የ990ዎቹ የመጨረሻ ውድድር ጥቅምት 2006 ቫሌንሲያ ላይ ሲካሄድ፣ ያን ዓመት በሱፐርባይክ ሻምፒዮን የሆነው ትሮይ ቤይሊስ በተጎዳ ጋላቢ ምትክ ለአንድ ቀን ተጠርቶ መጣ፤ አሸነፈም። ካፒሮሲ ሁለተኛ ወጣ። ቤይሊስ በሞቶጂፒ ያሸነፈው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። አርአር የተቀዳው ከዚያው ከ2006ቱ ማሽን ነው።

ቅጂነቱም ከሽፋኑ አልፎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። 989 ሲሲ የሆነው ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በ90 ዲግሪ ተከፍተው ተቀምጠዋል። በተለመደው ሞተር ቫልቭን የሚዘጋው ስፕሪንግ ነው፤ ዙሩ በጣም ሲፈጥን ስፕሪንጉ መከተል ያቅተዋል። በዴስሞ አሠራር ግን ቫልቩን እንደሚከፍተው ሁሉ የሚዘጋውም ብረት ነው፤ ለዝግመት ቦታ አይሰጥም። ይህን አሠራር ዱካቲ ውስጥ ያስገባው ኢንጂነር ፋቢዮ ታሊዮኒ ሲሆን፣ በ1956 በ125 ሲሲ የውድድር ሞተር ላይ ጀምሮት የፋብሪካው መለያ ሆኖ ቀርቷል። የአርአር ጉልበት ከውድድር ማርሚታው ጋር 200 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል፤ ክብደቱ ፈሳሽ ሳይጨመርበት 171 ኪሎ ነው ይላል ፋብሪካው።

ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ ዘይት ውስጥ አይሠራም። ሞተሩ ተነስቶ በቆመበት ማንሻው ሲጨበጥ፣ አንድ ሰው ሲኒ የሞላ ረከቦት ይዞ የሚሮጥ ይመስል ይንኳኳል። የማያውቅ ሰው «ምን ነካው?» ብሎ ይደነግጣል፤ ለሚያውቀው ዜማ ነው። (መቼም ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ እያለ የሚውል የአዲስ አበባ መካኒክ ቦሎኛ ያለው የዱካቲ ፋብሪካ ቢገባ፣ ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ይጨርስ ነበር።)

ምቾት የሚባል ነገር አይጠበቅም። ሰው የሚፈናጠጥበት ሁለተኛ መቀመጫ የለውም። ስፖኪዮና የፍሬቻ መብራት የተጨመሩት መንገድ ላይ መውጣት ግድ ስለሆነ ይመስላል። የጭስ ማውጫው ከጋላቢው ሥር አልፎ በጅራቱ አናት ላይ ስለሚከፈት፣ የበጋ ቀን የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ ሰው ጭኑ ይጠበሳል። በሌላ ሞተር ቢሆን ቅሬታ ነበር፤ የአርአር ባለቤቶች ግን ሲያወሩት በኩራት ነው፤ የእውነተኛነቱ ምስክር አድርገው ይቆጥሩታልና። ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ነዳጅ እንኳ ሳይቀምሱ በሰብሳቢዎች ሳሎን ቆመዋል። ለመሮጥ ብቻ የተፈጠረን ነገር እንደ ብርቅ የሸክላ ዕቃ ማስቀመጥ ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡ የራሳቸው ቢሆንም።

ለሚነዱት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኋላ ቸርኬው 16 ኢንች ነው፤ የመንገድ ስፖርት ሞተሮች በአብዛኛው 17 ናቸው። ብሪጅስቶን ለዚሁ ሞተር ብሎ የተለየ ጎማ ሠርቶ ነበር። ዛሬ በዚያ ልክ ጎማ ማግኘት ስለሚቸግር አንዳንድ ባለቤቶች 17 ኢንች ቸርኬ አስገጥመው ይነዳሉ፤ ዋናውን ጠቅልለው ጋራዥ ጥግ አስቀምጠው፣ አንድ ቀን ለሚሸጡት።