ከማሳደጊያ ወጥቶ ወረርሽኝ መሐል መግባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ስለ አረጋውያን፣ ስለ ተማሪዎችና ስለ ቀን ሠራተኞች ብዙ ተብሏል። በአደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ በሚያሳድግ ቤተሰብ) ወይም በሕፃናት ማሳደጊያ አድገው በዚያው ሰሞን 18 ዓመት ስለሞላቸው ልጆች ግን፣ እዚህ ሰሜን ሸዋም ቢሆን፣ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ግምት ነው። ከሚደጋገሙት ግምቶች ጥቂቶቹን ቀጥሎ እንመለከታለን።

«በአደራ ቤተሰብ ያደገ ልጅ ቤተሰብ አለው፤ እንደ ጉዲፈቻ ነው።» አይደለም። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት የሚጸድቅና ልጁን እንደ አብራክ ልጅ የሚያስቆጥር ዘላቂ ዝምድና ሲሆን፣ የአደራ እንክብካቤ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የመውረስ መብትም አያስገኝም። ስለዚህ የቀበሌ ኮሚቴ እርዳታ ሲያከፋፍል «ሰው አለው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

«18 ከሞላው ራሱን ይቻል።» የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመትን የአካለ መጠን መድረሻ አድርጎ መደንገጉ ሞግዚትነት የሚያበቃበትን ጊዜ ያሳያል እንጂ ልጁ ለኑሮ ዝግጁ መሆኑን አያረጋግጥም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ዝግጅቱ ከመውጫው ቀን አስቀድሞ እንዲጀመር፣ ድጋፉም ከወጡ በኋላ እንዲቀጥል ይጠይቃል። በዚያ ላይ የ2012 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተራዝሞ በ2013 በመሰጠቱ፣ ፈተናውን ሳይቀመጡ 18 የሞላቸው ነበሩ። አሜሪካ በዲሴምበር 2020 ባወጣችው ሕግ፣ ማንም ወጣት ዕድሜው ሞልቷል ተብሎ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ድረስ ከአደራ እንክብካቤ እንዳይሰናበት ከልክላ፣ ለነዚህ ወጣቶች ድጋፍ 400 ሚሊዮን ዶላር ጨምራ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ የመውጫውን ቀን ጥቂት ወራት ማራዘም ግን ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

«ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ስለነበር ማንም ሜዳ ላይ አልቀረም።» ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ የጠበቀው ቀድሞ ተከራይቶ የሚኖረውን ሰው እንጂ ቤት ገና የሚፈልገውን አልነበረም። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ልጅ የጭቃ ቤት ክፍል ሊከራይ ግቢ ቢያንኳኳ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። «ማሳደጊያ ነው ያደግሁት፣ እማማ» ሲል ነገሩ ይቀዘቅዛል፤ በወረርሽኙ ሰሞን ደግሞ «ከብዙ ሰው ጋር ነው የኖርከው» የሚል ፍርሃት ይጨመርበት ነበር። ሥራ ቢያገኝ ቀጣሪው ተያዥ አምጣ ይለዋል፤ ደመወዝ ያለው ዘመድ ከየት ይምጣ? የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣትም የልደት ምስክር ወረቀትና አድራሻ ይፈለጋል፤ አድራሻው ደግሞ ያው ያልተገኘው ክፍል ነው። እነዚህን ወረቀቶች ልጁ ማሳደጊያው ውስጥ እያለ ማሟላትና ተያዥ የሚሆነውን ሰው አስቀድሞ ማነጋገር የተቋሙ ሥራ መሆን አለበት።

«መቋቋሚያ ብር ከተሰጠው ይበቃዋል።» ብሩ ያስፈልጋል። ሆኖም ከመቶ ልጅ ጋር ከአንድ ትልቅ ድስት ሲበላ የኖረ ልጅ፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ስንት ቀን እንደሚያቆይና ከሰል በምን ዋጋ እንደሚገዛ የሚያውቅበት አጋጣሚ አልነበረውም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ የኅዳር ብርድ ያለ ብርድ ልብስና ያለ ጋቢ አይታለፍም። ገንዘቡን በየወሩ ከፋፍሎ መስጠት፣ ዕቃውን በዓይነት መግዛት ይሻላል።

«ወጣት ስለሆነ በሽታው አይጎዳውም።» በወጣት ላይ ብዙ ጊዜ እንደማይከብድ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጸዳጃ ቤቱም ቧንቧውም የጋራ በሆነ ግቢ ራሱን ለይቶ መቆየት አይችልም፣ ቢያተኩሰው ውኃ የሚያቀብለውም የለም።

«ዕድርና ጎረቤት አለ።» ዕድር አባል የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ አባወራንና እማወራን ነው፤ ላጤ ተከራይ ከቁጥር አይገባም። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት ደግሞ ጎረቤት የሚተዋወቅበት የቡና ሥርዓትም ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ልጁን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው፣ የቀድሞ ሞግዚቱም ሆነ መምህሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንዲደውልለት በስም መመደብ ይገባል፤ ለልጁም ስልክና የአየር ሰዓት ከብርድ ልብሱ ጋር አብሮ ይሰጠው።