ስታቲክ ሰበቃ ምንድን ነው? ማባዛቱ ይቆየንና

40 ኪሎ የሚመዝን ሳጥን ወለል ላይ ተቀምጧል። በ60 ኒውተን ተገፋ፣ አልተነቃነቀም። ባለበት የያዘው ኃይል፣ ስታቲክ ሰበቃው፣ ስንት ነው? አንዱ አስረጂ ነኝ ባይ በልበ ሙሉነት የሳጥኑን ክብደት (40 በ10 ተባዝቶ) 400 ኒውተን ብሎ በ0.5፣ ማለትም ሳጥኑና ወለሉ ምን ያህል እንደሚያያዙ በሚናገረው የሰበቃ ኮኢፊሸንት፣ አባዛና "200!" አለ። ሰዉም አጨበጨበለት። ኧረ በሕግ!

እሺ፣ በእሱ ሂሳብ እንሂድ። እኔ በ60 እገፋለሁ፣ ሰበቃው በ200 ወደ እኔ ይመልሳል። 140 ተረፈ። ስለዚህ ሳጥኑ በራሱ ጊዜ እየተንሸራተተ ወደ እኔ መምጣት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሳጥን ያየ ሰው ጠበል ይሂድ እንጂ ፊዚክስ አይማርም። መልሱ 60 ነው። በ10 ቢገፋ 10፣ ማንም ካልነካው ደግሞ ዜሮ። 200 ጣሪያው ነው።

በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስቡ። ካልገፋችሁት አይገፋችሁም። ትከሻችሁን ብታሳርፉበት ያንኑ ያህል ይመክታል። በበሩ ያለፈውን ሁሉ ባለ በሌለ ጉልበቱ ቢያሽቀነጥር ግን ዘበኛ ሳይሆን ወሮበላ ነው። አቅሙ ላይ ሲደርስ ትጥሱታላችሁ፤ ከገባችሁም በኋላ ኮታችሁን ይዞ ይጎተታል፣ ግን እንደ በሩ ላይ አይጠነክርም። ቁም ሳጥን አንዴ ከተነቃነቀ በኋላ ቀለል የሚለው ለዚህ ነው።

"ሰበቃ የእንቅስቃሴ ጠላት ነው" የሚሉም አሉ። ጠቡ ከመንሸራተት ጋር ነው። ስንራመድ ወደ ፊት የሚገፋን ማን ሆነና? ጭቃ ላይ ሞክሩት።

ሙያዬ ፍሬን ነውና ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ያቺን 0.5 እንደ ወንጌል አትያዟት። ሰበቃ በጫናው ልክ ያድጋል የሚለው፣ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አሞንቶን በ1699 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሕግ፣ ከልኬት የተገኘ ጥሩ ግምት እንጂ እንደ ኒውተን ሕጎች ያለ መሠረት አይደለም። የመኪና ጎማ አይታዘዘውም፤ ጫናው ሲበዛበት ኮኢፊሸንቱ ይወርዳል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ከተቆለፈ ይንሸራተታል፣ መሪውም አይሰማም። ኤቢኤስ፣ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው ሥርዓት፣ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። አስፋልት ላይ ማለቴ ነው። ልቅ ጠጠር ላይ ግን የተቆለፈው ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ስለሚከምር ቶሎ ሊቆም ይችላል፣ እዚያ ያ 0.5ም ሆነ የእኔ ዘበኛ አይሠሩም።