ክረምት አቃቂን ያጥበዋል?

ስለ አዲስ አበባው አቃቂ ወንዝ «ክረምት ሲገባ ይታጠባል» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው።

በበጋ ወንዙ ይቀጥናል፤ ፍሳሹ ይበዛበታል። ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲበሉ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ያኔ ተራው ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ይሆናል። ከነሱ አንዳንዶቹ ውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት (የሰልፈር ውህድ) ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባል ጋዝ ይቀይራሉ። ድልድዩ ላይ አፍንጫ የሚያስይዘው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይሄው ነው። ጭቃውንም የሚያጠቁረው እሱው ነው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሽታውን ያቀለዋል። ግን ጎርፍ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የአፈር ባክቴሪያ፣ የመንገድ ቆሻሻ፣ የሞላ ሽንት ቤት ሁሉ ጠራርጎ ይገባል። ስለዚህ ከሰገራ የሚመጣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ሽታው ስለጠፋ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ነው የሚለው።